60ው ሰዓት ቅጽ በመሙላት አይለቅ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ትምህርት ጥራት በተጻፈ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው። እሺ፣ ይቀሰር። ግን የገዛ ማስተማሩን የሚመረምርበት ምን ተሰጠው?

ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚባል አለ። መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራበት ይጠበቃል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። እኔ ባየሁት ግን ሰዓቱ የሚያልቀው ቅጽ በመሙላት ነው። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ፖርትፎሊዮ የሚባለው የሥራ ማስረጃ ማኅደር አቧራው ይራገፋል፣ የጎደለው ከጓደኛ ይገለበጣል፣ ፊርማ ይሟላል። ከዚያ ተመልሶ ሼልፍ ላይ።

እኔን የረዳኝ መጽሐፍ ነው። ስቴፈን ብሩክፊልድ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተመው። መምህር ሥራውን በአራት በኩል እንዲያይ ይመክራል፦ በራሱ የሕይወት ልምድ፣ በተማሪዎቹ ዓይን፣ በባልደረቦቹና በንባብ። ፎቶኮፒውን ያዋሰኝ ወዳጄ ይህን ጋዜጣ ባያነብ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን አልመለስኩለትም።

ከመጽሐፉ ወዲያው የጠቀመኝ ለተማሪዎች የሚሰጠው አጭር መጠይቅ ነው። በዚህ ሳምንት ልባችሁ ትምህርቱ ላይ የነበረው መቼ ነው? ልባችሁ የሸፈተውስ? ግራ የገባችሁ ነገርስ ነበር? ስም አይጻፍም።

የማስተምረው 8ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንድ ዓርብ ከደብተራቸው ወረቀት አስቀድጄ አስጻፍኳቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ገባችሁ? ሲሉ አዎ የምንለው ደወሉ ስለደረሰ ነው።»

ይህን የትኛውም ሱፐርቫይዘር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አያገኘውም። አሁን «ገባችሁ?» ማለቱን ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሲሠሩ እየዞርኩ አያለሁ። ተማሪው በርካታ ስለሆነ ኋላ ድረስ መድረስ ትግል ነው፤ እሱን መጽሐፉም አይፈታውም።

ችግሩ፣ እኔ ያገኘኋቸው እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው። ሁሉም ደግሞ ለእኛ አይቀርቡም። ባለሙያ የገዛ ሥራውን ስለሚመረምርበት መንገድ ዶናልድ ሾን በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ ገናና ነው፤ የሚያወራው ግን ስለ አርክቴክት፣ ስለ መሐንዲስና ስለ መሳሰሉት ባለሙያዎች ነው። ቀኑን ሙሉ ቾክ ይዞ ለዋለ ሰው ከእሱ ጀምር አልልም።

የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ምሁራን ሆይ፣ ይህን ሐሳብ በአማርኛ፣ በእኛው ክፍል ምሳሌ ጻፉልን። ትምህርት ቢሮዎችም ከ60ው ሰዓት ጥቂቱን አብሮ ለማንበብ ይፍቀዱልን። ማስረጃ ካስፈለገ የውይይታችን ቃለ ጉባኤ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ይግባ። መያዙን እኔ እችላለሁ።

የሒሳብ መምህር
ከደብረ ማርቆስ