ጉዳዩ፦ «ለላም ስጪው» ስለተባልኩበት የገለባ መደብ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

እንደምን ከረማችሁ። ከእናንተ የገዛሁት ቲማቲም በአፈር ፈንታ የሚተከልበትን የታሰረ የስንዴ ገለባ ነው። ደረሰኙ እናንተም ጋ ስላለ ስለ ግዢው ከዚህ በላይ አላወራም። የምጽፈው ሐሙስ ጠዋት ስለተሰጠኝ መልስ ነው።

ባለሙያችሁ ረቡዕ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ቲማቲሞቹን አይቶ የደረቀውን ችግኝ ሊቀይርልኝ ቃል ገብቷል። ረቡዕ ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ። ሰውም ስልክም የለም። ሐሙስ ስደውል ያነሳው ልጅ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። «ውሃ ስለማታጠጪው ነው» አለ። ጠዋትና ማታ እንደማጠጣ ነገርኩት። «እንግዲያው አብዝተሽበታል» አለኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጫፉ መጠቅለሉን ማስረዳት ስጀምር አቋረጠኝና «ማዘር፣ ካልሆነልሽ ለላም ስጪው» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አንቺ መባሉን እንለፈው። ግን ይህ ልጅ የሚናገረውን ያውቃል? በእናንተው ትእዛዝ ገለባው ላይ ዩሪያ ተበትኖበታል። ውስጡም ሻግቷል። ሳይለካ ዩሪያ የበላች ላም ትመረዛለች፤ ልትሞትም ትችላለች። ጎረቤቴ ላም አላቸው። የልጁን ቃል አምኜ ሰጥቻቸው ቢሆንስ?

ዩሪያው ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ስትሸጡልኝ «ማዳበሪያ አይፈልግም» ነበር ያላችሁት። ገለባው ግቢዬ ከገባ በኋላ ዩሪያ ግዢ ተባልኩ። ዩሪያ ለተክል የሚሰጠው ምግብ ናይትሮጅን ነው፤ ገለባ ግን ያለው ናይትሮጅን በጣም ጥቂት ነው። ያችንም ገለባውን የሚያበሰብሱት ተህዋስያን ይቀራመቷታል፤ ተክሉ ቢጫ ይሆናል። መበስበስ ሲጀምር ደግሞ ውስጡ ይግላል። ለዚህ ነው ዩሪያና ውሃ እየሰጡ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል ጠብቀው፣ ሙቀቱ ሲበርድ የሚተክሉበት። የእናንተ ሠራተኛ ግን ባመጣው ዕለት ተክሎት ሄደ። እጄን እስሩ መሃል ስከት ይፋጃል። የነቀልኩት ችግኝ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ጣቴ ላይ ይላላጥ ነበር።

ገለባው የመጣበት የስንዴ ማሳ ምን ፀረ አረም እንደተረጨ ንገሩኝ ብዬም ነበር። አንዳንዱ ፀረ አረም ስንዴውን ሳይነካ ገለባው ላይ ለወራት ይቆይና ቲማቲም ያጣምማል። እስካሁን መልስ የለም።

«ውሃ ይቆጥባል» ያላችሁትም አልሆነም። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከላይ ያፈሰስኩት በታች ይወጣል። «አረም የለውም» ብላችሁ ነበር፤ ስንዴው ራሱ በቅሎበታል።

ግቢው ሲሚንቶ ለሆነ ሰው ይጠቅም ይሆናል። እኔ ግን አፈር አለኝ፤ ያንንም ሻጫችሁ በዓይኑ አይቷል። አጥሩ ሥር መሬት ላይ የተከልኩት ጎመን ያለ ምንም ዩሪያ እየተቀጠፈ ይበላል። ገለባው ግን አንድ ወቅት አገልግሎ ይፈርሳል፤ ከዚያ እንደገና መግዛት ነው። የከብት መኖ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህን ቁጠባ ነው ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘቤ ይመለስልኝ። የዩሪያውም ጭምር። ስልኩን የዘጋብኝ ልጅ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ከእናንተ ለገዛ ሁሉ ገለባውን ለከብት እንዳይሰጥ ዛሬውኑ ንገሩት፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ማስታወቂያችሁም ይታረም። እስከ መጪው ረቡዕ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል።

ገለባውንም በራሳችሁ መኪና አንሱልኝ። ከሥሩ አይጥ መመላለስ ጀምሯል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ