ደብዳቤ ለልጄ፦ እጅሽ ከስለቱ ኋላ ይሁን

ልጄ፣

አውራ ጣትሽን መሮ እንደቆረጠሽ ከወንድምሽ ሰማሁ። አንቺማ ትናንት ስንደዋወል "ደህና ነኝ አባዬ" ብለሽ አለፍሽው። እንጨቱን በአንድ እጅ ይዘሽ በሌላው መሮውን ስትገፊ እንደነበር ሳይነግሩኝም አውቃለሁ። እንጨቱን በሞርሳ እሰሪና ሁለቱም እጆችሽ ከስለቱ ኋላ ይሁኑ። በደነዘ መሮም አትሥሪ፤ ጉልበት ሲያስወጣሽ ነው የሚያመልጥሽ።

ጠረጴዛውን በቪቴ ላያይዘው ወይስ በወንዴና ሴቴ ብለሽኝ ነበር። እግሮቹንና ዙሪያውን ጣውላ በወንዴና ሴቴ፣ የአንዱን ምላስ በሌላው ቀዳዳ አስገብተሽ፣ አያይዣቸው። የተቆረጠ የጣውላ ጫፍ ኮላውን ይመጠዋል እንጂ አጥብቆ አይይዝም። ጣውላሽ 24 ሚሊሜትር ስለሆነ ምላሱ ሲሶው፣ 8 ሚሊሜትር ይሁን። ባለ 8 መሮ አለሽ፤ ሌላ እንዳትገዢ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልፍዪ፣ ከዚያ ምላሱን እየሞከርሽ አሳሺው። በእጅ ሲገፉት የሚገባ ይሁን፤ መዶሻ ካስፈለገው እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ላዩን ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ ከሥሩ ጋር በኮላ እንዳታጣብቂው። ለአያትሽ የሠራሁትን፣ ያን ጨርቅ የማይለየውን ጠረጴዛ ታስታውሺዋለሽ። ቸኩዬ በኮላም በቪቴም ጠረቅኩት። እንጨት በወርዱ፣ እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ይህን ነግረውኝ አልሰማሁም። እናቴ ካረፈች በኋላ ጨርቁን ሳነሳው ላዩ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በሻማ ሰም ሞልታዋለች፤ በጣቷ የደመደመችበት አሻራ እንኳ አልጠፋም። ስንት ዓመት በላሁበት፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም። እኔም አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ላዩን በቪቴ ብቻ እሰሪው፤ የቪቴውን ቀዳዳ በወርዱ በኩል ሞላላ አድርጊው፤ ላዩ የሚላወስበት ያግኝ። ሥሩን ግን፣ እግሮቹንና ዙሪያውን፣ ኮላ ቀብተሽ እንዳሰርሽው፣ ሳይደርቅ፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም በኩል ለኪ፤ ልኩ እኩል ካልሆነ ተጣሟልና ቶሎ አስተካክዪው። ከዚያ ታስሮ ይደር።

እጅሽ ከስለቱ ኋላ፤ አሁንም እላለሁ። የመሳያ ድንጋዬን ለወንድምሽ ሰጥቼዋለሁ፣ እሁድ ያመጣልሻል። ቁስሉ ሳይሽር መሮ እንዳትነኪ። ጣትሽንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ፋሻውን ፈትተሽ።

አባትሽ