ለአባቴ፦ ስለ ጉስታቭ ሼበሽ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

የ1950ዎቹ የሃንጋሪ ቡድን ሲነሳ እርስዎ የሚያነሱት የፑሽካሽን ግራ እግር ነው፤ አይፈረድብዎትም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አሰልጣኙ ስለ ጉስታቭ ሼበሽ ልጽፍልዎ ነው። ያ ቡድን እንዲያ ያማረው ከጨዋታው በፊት በተሠራው ሥራ ነው ባይ ነኝ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሼበሽ በ1906 ቡዳፔስት ውስጥ ከጫማ ሰፊ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ፓሪስ ሄደው በሬኖ የመኪና ፋብሪካ ሠሩ፤ ተመልሰውም ለቡዳፔስቱ ክለብ ለኤም ቲ ኬ ለዓመታት ተጫወቱ። እዚያ አብሯቸው የነበረው የክንፍ ተጫዋች ፓል ቲትኮሽ በኋላ የግብፅ አሰልጣኝ ሆኖ በ1959 በካይሮው የአፍሪካ ዋንጫ የእኛን ቡድን 4 ለ 0 ያሸነፈው ሰው ነው።

ሼበሽ የስፖርት ምክትል ሚኒስትርም ስለነበሩ ሌላ አሰልጣኝ የማያገኘው ሥልጣን በእጃቸው ነበር። በ1949 ክለቦች በመንግሥት ሲወረሱ ኪሽፔሽት የጦር ሠራዊቱ ክለብ ሆንቬድ ሆነ። ፑሽካሽና ቦዢክ ቀድሞውንም እዚያ ነበሩ፤ ኮቺሽ፣ ቡዳይ፣ ጺቦርና በረኛው ግሮሺች በውትድርና ስም ተጨመሩ። ለተነጠቁት ክለቦች ፍትሕ ነበር አልልም። ነገር ግን የብሔራዊ ቡድኑ አብዛኛው ተጫዋች ሳምንቱን ሙሉ አብሮ ይለማመድ ስለነበር መግባባቱ የመጣው ከዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ የተለመደው አሰላለፍ ሦስት ተከላካይ ከኋላ፣ አምስት አጥቂ ከፊት ነበር። የመሃል ተከላካዩ ሥራ 9 ቁጥሩን፣ ማለትም የመሃል አጥቂውን፣ መያዝ ነው። የኤም ቲ ኬው አሰልጣኝ ማርቶን ቡኮቪ 9 ቁጥሩን ወደ አማካዮቹ አካባቢ ሳቡት፤ ሐሳቡ የቡኮቪ ነው፣ ሼበሽ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ አመጡት። በመጀመሪያ ቦታው የአጥቂው የፓሎታሽ ነበር። በ1952 ስዊዘርላንድ 2 ለ 0 እየመራች ሂዴግኩቲ በፓሎታሽ ቦታ ተቀይሮ ገባ፤ ጨዋታው 4 ለ 2 ተገለበጠ፤ ቦታውም የሂዴግኩቲ ሆነ። ተከላካዩ እሱን ተከትሎ ከወጣ ጀርባው ባዶ ይቀራል፣ ኮቺሽና ፑሽካሽ ይገቡበታል። ካልተከተለው ደግሞ ሂዴግኩቲ ያለ ከልካይ ዞሮ ያቀብላል፣ ይመታል። ከኋላ አማካዩ ዛካሪያሽ ከመሃል ተከላካዩ ከሎራንት ጎን ወርዶ አራተኛ ተከላካይ ይሆናል፤ ግሮሺችም ከግብ ክልሉ ወጥቶ የሚያልፈውን ኳስ በእግሩ ያጸዳል።

ለኖቬምበር 25 ቀን 1953ቱ የዌምብሌይ ጨዋታ ዝግጅቱ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ሼበሽ በኦክቶበር ለንደን ሄደው እንግሊዝ ከአውሮፓ ምርጥ ጋር 4 ለ 4 ስትለያይ ተመለከቱ፤ ሜዳውን ለኩ፤ ከእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ ከስታንሊ ራውስ የእንግሊዝ ኳሶች ተቀበሉ። የእንግሊዙ ኳስ ከሃንጋሪው ይከብዳል፤ በአንድ ንክኪ የሚቀባበል ቡድን ደግሞ የኳሱን ክብደትና አነጣጠር እግሩ ካልለመደው ቅብብሉ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ በዌምብሌይ ልክ በተሰመረ ሜዳ፣ በዚያው ኳስ አለማመዷቸው፤ የአገር ውስጥ ቡድኖችንም እንደ እንግሊዞች እየተጫወቱ እንዲገጥሟቸው አደረጉ። በመንገዳቸውም ፓሪስ ላይ የሬኖን ፋብሪካ ቡድን ገጠሙ። ሂዴግኩቲ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አስቆጠረ። የእንግሊዙ የመሃል ተከላካይ ሃሪ ጆንስተን መከተልም መቆምም አልሆነለትም። ሂዴግኩቲ 3፣ ፑሽካሽ 2፣ ቦዢክ 1፤ ውጤቱ 6 ለ 3። እንግሊዝ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጪ በመጣ ቡድን በሜዳዋ ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ነበር። በቀጣዩ ሜይ ቡዳፔስት ላይ ደግሞ 7 ለ 1 ሆነ።

አሁን ወደ በርኑ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ወደ ጁላይ 4 ቀን 1954። ሃንጋሪ በምድቡ ጀርመንን 8 ለ 3 አሸንፋለች፤ ፑሽካሽ ግን ቁርጭምጭሚቱን የተመታው በዚያው ጨዋታ ነው። ያለ እሱ ብራዚልንም ኡራጓይንም 4 ለ 2 አሸነፉ፤ የኡራጓዩ ግን በተጨማሪ ሰዓት ነበር። በዚያው ቀን ጀርመኖች ኦስትሪያን 6 ለ 1 ረትተው ብዙም ሳይደክሙ ወጡ። ሼበሽ በፍጻሜው በደንብ ያልዳነውን ፑሽካሽን አሰለፉ። ሰው ሁሉ የሚወቅሳቸው በዚህ ነው፤ እኔ ግን ሌላው ለውጥ ይበልጥ ጎዳቸው እላለሁ። የቀኝ ክንፉን ቡዳይን አስቀምጠው ጺቦርን ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወሩ፤ በግራ የኡይፔሽቱን ሚሃይ ቶትን አስገቡ። ቡዳይና ኮቺሽ ከፈረንትስቫሮሽ ክለብ ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ሼበሽ በመግባባት ላይ የገነቡትን ቡድን በመጨረሻው ቀን ራሳቸው ፈቱት።

በ8ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 መሩ፤ በ18ኛው እኩል ሆኑ። ሜዳው በዝናብ ጨቅይቶ ነበር፤ ጀርመኖች ታኬታው (ከሥሩ ያለው ጥርስ) የሚፈታ ጫማ ስለነበራቸው ረዘም ያለውን ገጠሙ። የጀርመኑ ራን በ84ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ ከዚያ ፑሽካሽ ያገባትን የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጪ አላት። 3 ለ 2 አለቀ። በ1950 በኦስትሪያ ከተሸነፉ ወዲህ የመጀመሪያ ሽንፈታቸው ነበር።

ሼበሽ እስከ 1956 ቆዩ። ቤልጅየም 5 ለ 4 ካሸነፈቻቸው በኋላ ተነሡ፤ የተተኩትም በቡኮቪ ነው። ያረፉት በ1986 ነው።

እርስዎ አሰልጣኝ ቢሆኑ ፑሽካሽን ያሰልፉት ነበር? ቡዳይንስ ያስቀምጡት ነበር? በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይጻፉልኝ። ለእማዬም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ