ክኒፌ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ነው የምሠራው። 11 ዓመት ሆነኝ። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ በእጄ ጨብጬ መድረቅ አለመድረቁን እለያለሁ። ካቻምና አንድ የውጭ ገዢ መጣና ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ጥያቄው ገብቶኛል። መልሱንም አውቃለሁ፣ 20 ቀን ነው። ማታ ማታ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። አጠገቤ የቆመ ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል ፈጠን ብሎ «10 ቀን» አለው። ልጁ ያን ቡና ዓይቶት እንኳን አያውቅም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ፍርሃቱ የጀመረኝ 9ኛ ክፍል ነው። እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ነው የተማርኩት። 9ኛ ስገባ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ቀን ተነስቼ ሳነብ knife («ናይፍ»፣ ቢላዋ) የሚለውን ቃል «ክኒፌ» አልኩት። ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል፣ እንደተጻፈ ነው የሚነበበው፣ የአማርኛው ፊደልም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ። እስክጨርስ ድረስ ስሜ ክኒፌ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሒርማታ ገበያ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል። ከዳውሮ የመጣች ሴት በተሰባበረ አፋን ኦሮሞ ትከራከራለች፣ ነጋዴው በተሰባበረ አማርኛ ይመልስላታል። ማንም አይስቅም። ዋጋው ከተግባቡበት አለቀ። እዚህ ከተማ ሁላችንም የሰው ቋንቋ እየተሳሳትን ነው የምንኖረው። ታዲያ እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ምን ነካን?

አሁን ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ቡና እየለቀምን ጮክ ብለን በእንግሊዝኛ እናወራለን። ይሄ ጥቁር ፍሬ ነው፣ ይሄን ነቀዝ በልቶታል፣ እንዲህ እያልን። አንድ ሕግ አለን፦ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አይታረምም፣ አይሳቅበትም። መጀመሪያ ግሡ እንደ ቋንቋችን መጨረሻ ላይ እየመጣ አስቸገረን። «አይ ኮፊ ድራይ» እንል ነበር። ስቸኩል አሁንም ያመልጠኛል። ጥር ላይ ሌላ ገዢ ያንኑ ጥያቄ ሲያነሳ ግን «ትዌንቲ ዴይስ። ናይት፣ ዊ ከቨር» አልኩት። ጎዶሎ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውየው ደብተሩ ላይ ጻፈው። በምን እንደምንሸፍንም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው። ለመናገር ነጥብ የለውም። ስለዚህ መምህራን ሰዋስው ላይ ቢበረቱ አልፈርድባቸውም። የምለምነው በየክፍለ ጊዜው 10 ደቂቃ ነው፦ ልጆቹ እርስ በርስ የሚያወሩባት፣ የሚስቅ የሌለባት።

ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ገብታለች። ሰኞ ማታ «ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን ተናገርሽ?» አልኳት። «እጄን አላወጣሁም» አለችኝ። በዚህ ሳምንት መምህሯን ላነጋግር እሄዳለሁ። ልጁ እንደኔዋ ዝም ያለበት ወላጅ ካለ፣ እሱም ይሂድ።

የቡና መጋዘን ሠራተኛ፣ ከጅማ