የማይንቀሳቀሰው «ተንቀሳቃሽ ቅርስ»፦ ስለ ድሬዳዋ ኦቶራዮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር የቅርስ ቢሮ ኃላፊ ሆይ፣

ኦቶራዮቹ በቅርስነት እንዲመዘገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼልዎታለሁ። ሦስቱም በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው እዚያው ስለቀሩ፣ አራተኛውን ሕዝብ እያየ እንዲያነቡት በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ መጠገኛ ግቢ የቆሙትን፣ ፊያት የሠራቸውን የናፍጣ ኦቶራዮች፣ ማለትም በገዛ ሞተራቸው የሚሄዱ የመንገደኛ ሠረገላዎች፣ ይመለከታል። ታሪኩን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ቢሆንም፣ ከቢሮዎ የሰማሁት መልስ ስላጠራጠረኝ ላስታውስዎ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። በእንፋሎቱ ዘመን 784 ኪሎ ሜትሩን የሚጓዝ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያመጧቸው፣ ሊቶሪናም የሚባሉት ኦቶራዮች ግን ሞተሩንና የመንገደኛውን ወንበር በአንድ ሠረገላ ያጣመሩ፣ በሁለቱም ጫፍ መንጃ ስላላቸው መዞር የማያሻቸው፣ እንደ እንፋሎቱ ባቡርም ውኃ ለመቅዳት የማይገተሩ ነበሩ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር እነሱ ቀርተው ያገሩን ሰው አመላለሱ፤ አባቴም የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ከሆዳቸው በታች ተጋድሞ ሲጠግናቸው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ያነጋገሩኝ ባለሙያዎ፣ ኦቶራዩ ሕንፃ ስላልሆነ የማይንቀሳቀስ ቅርስ እንደማይባል፣ ሞተሩ ስለማይነሣ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሊባል እንደማይችል ገለጹልኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ የሚለው ከመሠረት ጋር ያልተያያዘውንና ከቦታ ቦታ ሊዘዋወር የሚችለውን ቅርስ እንጂ በገዛ ሞተሩ የሚሄደውን ብቻ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። በባለሙያዎ ስሌት ከሄድን የብራና መጽሐፍም እግር እስኪያወጣ ድረስ ሊመዘገብ አይገባውም።

ይባስ ብሎ፣ ለመሰናበት ስነሣ ጠረጴዛቸው ላይ በተዘረጋው የንብረት ዝርዝር ውስጥ ኦቶራዮቹን «ያገለገለ ብረት» በሚለው ርእስ ሥር፣ ሚዛናቸው በኪሎ ተጽፎ አየሁ። ለቅርስነት አልበቃም የተባለው ለሚዛን እንዴት ፈጥኖ እንደበቃ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

የጠየቅሁት ምዝገባና ከፀሐይ የሚጋርድ ጣሪያ ብቻ ነው። የእነዚህን ሞተሮች ጠባይ ከሚያውቁት ከአባቴ የሥራ ባልደረቦች አንዱን ባለፈው ወር ቀብረናል፤ የቀሩት ሦስት ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ለማስመዝገብ ሲጠሯቸው ለመምጣት ፈቃደኞች ናቸው። ይህንንም አልፈቅድም ካሉ፣ እምቢታዎን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ፣ በፊርማዎና በማኅተም ይስጡኝ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ ልጅ፣
ከዚራ፣ ድሬዳዋ