የኮምፒውተር ክበብ፦ ቅንፍ ስንፈታ የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ነገር አልነካካም። አንድ ነገር ይዘን ከረምን፦ በኤፒአይ (አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ በሚጠይቅበት በር) የሚመጣ የጄሰን ዳታ (በቅንፍ እየታቀፈ በጽሑፍ የሚቀመጥ መረጃ) ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት። ሐሙስ ሐሙስ፣ የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ቤታቸው መግባት የሚችሉ ልጆች ላብራቶሪ ቀርተው ቅንፍ ሲቆጥሩ ሳይ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

የጀመርነው በኦፕን ሜቲዮ ነው። የአየር ትንበያ ይሰጣል፤ ለእኛ ዓይነት ሥራ ምዝገባም የመግቢያ ቁልፍም አይጠይቅም። ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74 ብለን የአዲስ አበባን ሙቀት በየሰዓቱ ጠየቅን። መልሱን ወዲያው ፋይል ላይ አስቀመጥነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ።

«ቲቸር፣ ሙቀት የሚባል የለም ይለኛል!» ልክ ነው፣ ላይ ላዩን የለም። «አወርሊ» (በየሰዓቱ) የሚል ስም ያለው ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ነው ያለው። እዚያም ውስጥ ሰዓቱ ለብቻው በአንድ ዝርዝር፣ ሙቀቱ ለብቻው በሌላ ዝርዝር ይመጣል፤ የ7 ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ 168 ነው። የሚያገናኛቸው ተራቸው ብቻ ነው። ሁለት የታክሲ ሰልፍ ጎን ለጎን አስቡ፤ እዚህ አምስተኛ የቆመው ሰዓት፣ ሙቀቱ እዚያ አምስተኛ ላይ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከፍተኛውን ሙቀት ፍለጋ የሙቀቱን ዝርዝር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረችና የመጨረሻውን ወሰደች። ቁጥሩ ትክክል ነበር። በሰዓቱ ዝርዝር በዚያው ተራ ያለው ግን 23፡00 አለ። አገልግሎቱ ካልነገሩት የሚመልሰው በግሪኒች ሰዓት ነው፤ 3 ጨምረን ወደ እኛ አቆጣጠር ስናመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። አዲስ አበባ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሁሉም ይሞቃል ማለት ነው! ልጅቷ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችና «ሰልፉን አፍርሼዋለሁ» አለች። ማንም አልነገራትም። ሰዓቱንና ሙቀቱን መጀመሪያ አጣምራ እንደገና ደረደረች፣ ከቀትር በኋላ ላይ አረፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዳታውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ያልሳለ ኮድ አይጽፍም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም አልለቅም።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የክበባቱን ስም በአማርኛ ጄሰን አደረግን። ፋይሉን ስንከፍት ፊደሎቻችን የሉም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ የኋላ ሰረዝ፣ ዩ እና አራት የቁጥርና የላቲን ፊደል ቅልቅል። ልጆቹ ተበላሸ ብለው ደነገጡ። አልተበላሸም፣ ኮድ የምንጽፍበት ቋንቋ ፓይተን ሳይነግሩት እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ መልሰን ስናነበው አማርኛው አንድም ሳይጎድል መጣ።

ስዕሎቹ ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ አሉ። በመስከረም ለሚገቡት ልጆች የሙቀቱን ፋይል አልነካነውም፣ 168ቱም እንዳሉ ናቸው።