የስድስት ኪሎው ሐውልት ጽዳት በጥቅምት ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የካቲት 12 በቀረበ ቁጥር «ሐውልቱ ይጸዳ» የሚል ጥሪ ይሰማል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ጊዜው ግን ልክ አይደለም። ለመታሰቢያው ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ጥድፊያ ነሐስንና ድንጋይን ከአቧራው የባሰ ይጎዳቸዋል።

አስቀድሞ ስለ ቦታው፣ ብዙ ጊዜ ስለሚምታታ። የአራት ኪሎው ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡበት ቀን ማስታወሻ። የስድስት ኪሎው ግን የሐዘን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን ለተጨፈጨፈው ሕዝብ የቆመ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። ቦምቡ የተወረወረው ደግሞ አደባባዩ ላይ ሳይሆን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ነው። (በዚያ ግቢ ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት አንድ እርከን ብለው የሠሩት ደረጃ አለ፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጥቶበታል። ደረጃውን ከማፍረስ ይልቅ አንበሳውን አናቱ ላይ ማውጣት ያሰበ ሰው ነገር ገብቶታል።)

ሐውልቱ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። አላፊ አግዳሚው 28 ሜትር የሚሆነውን ዓምድ ቀና ብሎ ያያል እንጂ ዋናው ነገር ያለው ታች፣ ግድያውንና ሐዘኑን በሚያሳዩት የነሐስ ቅርጾች ላይ ነው። የሚጎዱትም እነሱ ናቸው፤ ዙሪያውን መኪና ስለሚዞር ጥላሸቱ በልብስ እጥፋትና በጣቶች መካከል ይሰገሰጋል፣ የክረምቱ ዝናብ ያርሰዋል፣ እርጥቡ ጥላሸትም ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል።

ነሐስ ላይ የሚታየው ጥቁርና አረንጓዴ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ስስ፣ ለስላሳና እጅ ላይ የማይቀር ከሆነ ለብረቱ ቆዳው ነው፤ በሽቦ ብሩሽ የፈተገው ሰው ያንን ቆዳ ይገፈዋል። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ዱቄት የሚመስልና ተጠርጎ በጥቂት ቀን የሚመለስ ከሆነ ግን በሽታ ነው፤ መንሥኤው ክሎሪን ያለበት ጨው ነው። እንግዲህ በረኪና ይዞ የሚመጣ ሰው በሽታውን ራሱ እየቀባ ነው ማለት ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም መዳብን ስለሚያሟሟ አይነካም። የመኪና ማጠቢያ የግፊት ውሃ መጋጠሚያውን ይበረግዳል። የሁሉ ክፉ ደግሞ «እንዲያበራ» ተብሎ የሚቀባ ዘይት ቀለም ነው፤ ሲላጥ እርጥበቱን ከሥሩ ይዞ ይቀራል፣ ለማንሳትም ከአሥር ጽዳት በላይ ያለፋል።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። በንጹሕ ውሃ ማራስ፤ በ10 ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ከፀጉር በተሠራ ለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ማሸት (ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ውሃ ደረቁ ላይ መስመር ይተዋል)፤ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅና ሙሉ በሙሉ ማድረቅ። ከዚያ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) የለሰለሰ ማይክሮክሪስታላይን ሰም (ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ሰም) ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ ቀብቶ በጥጥ ጨርቅ መወልወል። ብረቱ ሞቅ ማለት ስላለበት ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራ። ሰሙ የያዘ እንደሆነ ውሃ ሲረጭበት ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል፤ ተንጣሎ ከተኛ ሰሙ አልቋል። በመጀመሪያ ግን ከጀርባ በኩል መዳፍ በምታክል ቦታ መሞከር የግድ ነው።

ድንጋዩ ሌላ ጣጣ አለው። ከወደቀ ፍንካች ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ የኖራ ዘር ነው፤ አሲድ የሚባል ነገር እንዳይቀርበው። የተከፈተ መጋጠሚያ በሲሚንቶ መድፈንም ስሕተት ነው። ሲሚንቶው ከድንጋዩ ይጠነክርና ውሃውን ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል፤ ውሃው ሲተንን ጨው ነጭ ሆኖ ይወጣና የድንጋዩን ጠርዝ ይፈረፍረዋል። በሲሚንቶው ፈንታ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። አሮጌውን በስካርፔሎ በእጅ፣ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ማውጣት፤ ከሞሉት በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ማጠጣት። በየካቲት ፀሐይ ሳይለብስ የተተወ ኖራ በሁለት ቀን ይሰነጠቃል።

ለዚህ ነው ጥቅምት የምለው። በመስከረም መጨረሻ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ገና እርጥብ ስለሆነ በዓይን ይለያል፤ ያኔ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። ጥቅምትና ኅዳር ለኖራው፣ ታኅሣሥ ለእጥበቱና ለሰሙ፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ተጨማሪ የሰም እጅ። ለየካቲት የሚተርፈው ሥራ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነው።

የአበባ ጉንጉኖቹ የሽቦ እግር ነሐሱን እንዳይጭር ከሥሩ ላስቲክ ይደረግ፤ ጉንጉኖቹም በሦስተኛው ቀን ይነሡ። የበሰበሰ ቅጠል የሚተወው ቡናማ ነጠብጣብ ከድንጋይ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

ከአንባቢያችሁ
ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ